ሰሙ የቀለጠ ሰኞ

ሰው ገበቴ ሲገዛ ፊቱን ነው የሚያየው፣
ሆዱን ዳበስ አርጎ፣ «ስንት ነው?» የሚለው።
አንሻ ግን ገለበጠች፤
ከቂጡ ጀመረች።
«እነዚህ አራት ነጥቦች ምንድን ናቸው?» አለችኝ።
«ጌጥ ናቸው» አልኳት። ሳቀች። ሳቋን ከፈለችኝ፣
ብሩንም ከሳቋ ጋር መዳፌ ላይ ጥላ፣
ገበቴውን አዝላ፣
በባቲ ግመሎች መሀል ወረደች ወደ ቆላ።

ጌጥስ አልነበረም።
«ቶርኖ አለኝ» ስላችሁ ፋብሪካ አይምሰላችሁ፤
ሞተሯ የወፍጮ ቤት፣ ወገቧ የኢሱዙ፣
ማዞር ይሆንላታል፤ አልሆነላት መያዙ።
እናም ዋንዛውን ከቂጡ በአራት ብሎን ወግቼ
ሆዱን እፈለፍላለሁ፣ በክርኔ ተመክቼ።
ያን ጊዜ ግን መሮው ጥቂት ጠለቀና
ብረት ብረት ነካ፤ ብልጭ አለ። አቆምኩና
ወደ በሩ ባነሣው ብርሃን አሳለፈ።
ሌላው ቢሆን ይማግደዋል። የኔ ጨዋነት ሰነፈ፤
ሰም አቅልጬ፣ ለውሼ ከሰጋቱራ ጋር፣
ደፈንኩት፣ ዘይት ቀባሁት፤ አልታወቀም ነገር።

በሦስተኛው ሰኞ አንሻ ተመለሰች፤
ገበቴውን እግሬ ሥር ቀስ ብላ አስቀመጠች።
«ልጄ ተገላገለች፤ ገንፎ ገነፋንበት፣
እንደ ወጉ ቅቤውን ከመሀሉ ጣልንበት፤
ሰምህ ቀለጠልህ ከአማቿ ጉልበት ላይ።
ሰም ካለ ወርቅ አለ ይባል የለም ወይ?
ወርቁን ብፈልገው፣ አገላብጬ ባየው፣
አራት ቀዳዳ ነው።»
ብሯን ልመልስ ብል፣ «ተው!» አለችኝ ቆጣ፣
«ሌላ ሥራ፤ ብቻ ቂጡን ብሎን ያልቀጣ።»
አብሽር እንኳ አላለችኝ።

ኮምቦልቻ ነው ቤቴ፣ ከቦርከና ማዶ፤
መብራት በሌለ ሌሊት እንቅልፌ ተሰዶ
መዳፌን እዘረጋለሁ፣ እጨብጣለሁ መልሼ፤
ሳይወጋ የሚይዝ ነገር ምን ይሆን? እያልኩ ለራሴ።
የመርካቶው ሰውዬ በስልክ ዋጋ ነገረኝ፣
«የብረት መንጋጋ አለ» ብሎ። የሁለት በሬ ሆነብኝ።

ሦስት ዓመት የደረቀ የወይራ ጉማጅ ነበረኝ፤
ዳምጠው በያጁ ትልቅ ዳዶ በየደልኝ።
ወይራውን ከዳዶው አሰርኩ፣ እንደ ቀለበት ፈለፈልኩ፣
በመጋዝ ስምንት ቦታ፣ እስከ ሥሩ ሳልደርስ፣ ተለተልኩ።
ስምንት ጣት ሆነ። ከኋላ መዳፉ አንድ ነው።
ከሞተ መኪና ራዲያተር ፋሼታ ፈትቼ ወገቡን አስታጠቅኩት፣
በካላማዳሪ ቁራጭ ውስጡን አለሳለስኩት፤
ዞሮ ዞሮ እንጨት ነው፤ ግን «እጄ» ብዬ ጠራሁት።

«አጥብቀው፣ ጋሼ፣ አጥብቀው!» አለኝ ኑርዬ ካጠገቤ፤
አጠበቅኩ። ጧ! አለ ዋንዛው። አብሮት ጧ! አለ ልቤ።
ሁለተኛውን አላላሁት፤ ቶርኖዋ እንደተነሣች
ገበቴዬ አጥር ዘሎ የጎረቤት ዶሮ ጮኸች።

ሦስተኛውን አልቸኮልኩም። ተረከዝ አወጣሁለት፣
ስምንቱም ጣት ዙሪያውን እኩል እንዲደርስበት።
ፋሼታውን ግማሽ ዙር። ጆሮዬን ሰጠሁ። ሩብ ዙር።
እንጨት ሲመቸው ዝም ይላል፤ ሲከፋው ነው የሚናገር።
ሆዱ አለቀ። ገለበጥኩት። በከንፈሩ አስያዝኩት፤
ተረከዙን በመሮ ጫፍ ቀስ እያልኩ ላጥኩት፣
ያ ሰው የማያየው ቦታ እንደ ሆዱ ለሰለሰ።
መብራት ሄደ። ቶርኖዋ ዞራ ዞራ ድምጿ አነሰ፤
በጨለማው፣ ከስምንቱ ጣት፣ አንዱም አልለቀቀ።

ሰኞ። ባቲ። አንሻ መጣች። ሰላምታዋን ሳትጨርስ
ገለበጠች። አውራ ጣቷን አዞረችው፣ መለስ ቀለስ፣
ጥፍሯን መሀሉ ላይ አሳረፈች። ፈለገች።
ከዚያ ቀና ብላ፣
«ጌጡንስ የት ጣልከው?» አለች።